አምስት ሰዓት ተኩል በተሬፋ ዕቃ ቤት

ተሬፋን አንቱ አልለውም። በዕድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ በእጃጂ ከተማ ውስጥም ኦቦ ተሬፋ ሳይለው በደጁ የሚያልፍ ሰው የለም። ይሁን። እኔ አሁን ይህን የምጽፈው አምቦ ተቀምጬ ነው። የምኖርበትን ክፍል የተከራየሁት ከሌላ ሰው ነው። ስለዚህ እንደፈለግሁ እጠራዋለሁ።

ደግሞም ታሪኩ የእሱ አይደለም፤ የአስካለች ነው፤ የልብስ ሰፊዋ። ስለ እሷ ለመናገር እሱን ማንሳት ግድ ስለሆነብኝ ነው ገና ከጅምሩ ደሜ የፈላው። አንባቢ ይታገሠኝ።

አስካለች ኤጄታ የተወለደችው ከእጃጂ ወደ ባኮ ቁልቁል ሲወረድ ከመንገዱ በስተግራ ካለ መንደር ነው። አባቷ በቆሎ አራሽ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ባኮ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ አክስቷ በእግር የሚመታ የስፌት መኪና ነበራት። በሦስት ዓመት ውስጥ አክስቷን በለጠቻት። ይህን አክስቷ ራሷ ቅር እያላት ስትናገር ሰምቻለሁ። አግብታ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ መኪናው ጉደር አጠገብ ተገልብጦ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ሐዘኗን ስትጨርስ የአክስቷን አሮጌ የስፌት መኪና በጋሪ አስጭና እጃጂ መጣች። ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነበር።

በእኛ ከተሞች ሰፊ የራሱ ሱቅ የለውም። በጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ነጋዴው ጨርቁን ይሸጣል፤ ሰፊው እዚያው ይለካል፣ ይሰፋል፤ ገዢው አይንከራተትም። የበረንዳ ኪራይ የሚባል ነገርም የለም። ኪራዩ መታዘዝ ነው። ነጋዴው ምሳ ሲሄድ ሱቁን ትጠብቅለታለህ፣ እንግዳ ሲመጣበት ወንበርህን ትለቅለታለህ፣ ሲቆጣ ትሰማለህ። አስካለች በጨርቅ ነጋዴው በተሬፋ በረንዳ ላይ እንዲህ ሆና ሰባት ዓመት ተቀመጠች።

ሁለት አመል ነበራት፤ ሁለቱም ያናድዱኝ ነበር። አንደኛው የቁርጥራጭ ነገር ነው። ሌላው ሰፊ ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈውን ትራስ ይሞላበታል፣ የሕፃን ሱሪ ይሰፋበታል፤ ማንም ሌባ አይለውም። እሷ ግን መዳፍ የማታክለውን ቁራጭ ሳይቀር ሰብስባ፣ በዚያው ልብስ ክር አስራ፣ ከቀሚሱ ጋር ትመልሳለች። ሴቶቹ ይስቁባት ነበር። "ይሄን ምን ላድርገው?" ሲሏት "የእርስዎ ነው፤ ከፈለጉ ይጣሉት" ትላለች።

ሁለተኛው አመሏ ዝምታ ነው። "ይሄ የማን ቀሚስ ነው?" ብለህ ብትጠይቃት "የሰው ነው" ትልሃለች፤ በቃ። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደገባኝ በእጃጂ ባል የማያውቀው ቀሚስ፣ አማት የማታውቀው ነጠላ፣ ለእህት ተብሎ በድብቅ የተገዛ ሻርፕ ስፍር ቁጥር የለውም። ሰፊ አፏ ከላላ ስንት ቤት ይታመሳል።

እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገርና ወደ ነገሩ ልግባ። ደግፌ እባላለሁ፤ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ወደ እጃጂ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ትምህርቱም ፍርድ ቤቱም በአፋን ኦሮሞ ሆነ። እኔ ቋንቋውን በሠፈር ለምጄው ስለነበር መጻፍ አላቃተኝም። ጡረታ ስወጣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻና ክስ መጻፍ ጀመርኩ። የምኖረው በተሬፋ ግቢ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ይህች ክፍል በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ስላላት አንባቢ አይርሳት።

ኅዳር 1996፣ የገበያ ቀን። ጠዋት ከተሬፋ ሱቅ ማዶ ባለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ተሬፋ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ነጫጭ አበባ ጣል ጣል ያለበት አዲስ ጣቃ ለገዢ ዘረጋ፤ ለካው፤ ደግሞ ለካው። አራት ሜትር ጎድሏል። ፊቱ ተለወጠ። ሚስቱ ዶርቃስ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ለሌላ ሰው ጨርቅ ትቆርጥ ነበር። ተሬፋ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ከአስካለች መኪና ሥር ያለውን ቅርጫት አንስቶ ዘረገፈው። ከክርና ከቁልፍ መሃል በክር የታሰረች ቁራጭ ወጣች፤ ወይን ጠጅ፣ ነጫጭ አበባ ያላት።

"ይሄ ምንድነው?" አላት። የሚነጋገሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

"ቁራጭ ነው።"

"የማን?"

"የሰው ነው።"

"የየትኛው ሰው?"

ገበያተኛው መቆም ጀመረ። ተሬፋ ቁራጯን ወደ ላይ አንስቶ አሳየ። "እዩልኝ! ሰባት ዓመት በበረንዳዬ ያስቀመጥኳት ሌባ!" ብሎ ጮኸ። አንዴ አይደለም፤ አራት ጊዜ ያህል። ዶርቃስ ቀና ብላ ቁራጯን አየች፤ ከዚያ መቀሷን አንስታ መቁረጧን ቀጠለች። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ከሱቁ ጎን በረንዳው ላይ የሚከፈት የዕቃ ክፍል አለ። ተሬፋ አስካለችን በእጁ አልነካትም፤ ይህን ኋላ ሺህ ጊዜ ደጋግሞታል። በሩን ከፈተና "ግቢ" አላት። ገባች። ጓጉንቸሩን ቀረቀረው፤ ቁልፉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ገዢዎቹ ተመለሰ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ከተሬፋ በረንዳ ላይ ሆኖ ባንዲራው ይታያል። ተሬፋ ግን ወደዚያ አልላከም፤ የላከው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነው። እሱም እሷም አንድ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ናቸው። በእነሱ ዘንድ አማኝ አማኝን ለመንግሥት አሳልፎ አይሰጥም፤ ትልቅ ነውር ነው። ነገር በሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ ተጸልዮበት፣ በይቅርታ ያልቃል። ስለዚህ ተሬፋ በልቡ ውለታ የዋለላት መስሎት ነበር። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ክፉ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ቶሎ በከፈተላት። እሱ ግን በጽድቅ ነው የቆለፈባት።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሉም። ከከተማው ራቅ ብሎ ካለ መንደር ቀብር ሄደዋል። መልእክተኛው በእግሩ ተከተላቸው።

አስካለች መጀመሪያ በሩን መታች። ቀስ እያለች ነበር፣ ሰው ቤት እንደሚንኳኳ። ቆየችና ጠንክራ መታች። "ኦቦ ተሬፋ፣ ውጭ መውጣት እፈልጋለሁ፤ ሴት ነኝ" አለች። ገዢዎቹ ሰሙ። ተሬፋ "ታገሺ፤ እየመጡ ነው" አላት። ከዚያ መምታቷን ተወች።

እኔስ? እኔ ሻይ እጠጣ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። መንገዱ መሃል ስደርስ ተሬፋ ከሱቁ ውስጥ አየኝ፤ ፈገግ አለ።

"መምህር፣ አካም፣ እንዴት ነዎት? ለክረምት የቤትዎን ቆርቆሮ እለውጥልዎታለሁ፤ አልረሳሁም" አለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ ኦቦ ተሬፋ" አልኩና ተመለስኩ። አዎ፣ ኦቦ ብዬዋለሁ። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

ሽማግሌዎቹ የደረሱት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሦስት ነበሩ፤ ዋናው ኦቦ ፍሮምሳ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ውሸት ተናግሮ የማያውቅ የሚባል፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው። ተሬፋ ከፍቶ አስገባቸውና ወሬኛ እንዳይሰማ መልሶ ከውጭ ቆለፈው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከውስጥ የጸሎት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ተከፈተ። አስካለች ወጣች፤ ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ሻይ ቤቱ ጓሮ ሄደች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ተሸካሚ ጠርታ የስፌት መኪናዋን ከበረንዳው አስነሳች።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

"መምህር፣ ክስ ይጻፉልኝ።"

"ታርቃችሁ የለም እንዴ?" አልኳት።

"ይጻፉልኝ።"

ፍትሐ ብሔር ሕጉን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁ፤ ጠርዙ የተበላ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ሕጉ በነገሯ ላይ ግልጽ ነው፤ አነበብኩላት። ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ሰውን ወዲያ ወዲህ እንዳይል የከለከለ፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን፣ አጥፊ ነው። መንካትም መምታትም አያስፈልግም። አንድ መከላከያ ብቻ ለተሬፋ ሊጠቅመው ይችላል፤ ወንጀል ሠርታለች ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ኖሮት፣ ይዞ ወዲያውኑ ለባለሥልጣን አስረክቦ ከሆነ።

"ታዲያ በቁራጯ ምክንያት ጠረጠርኩ ይላል" አልኳት። "የማን መሆኑን ብትናገሪ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። የማን ናት?"

"የሰው ናት።"

"አስካለች! ለእኔ እንኳ?"

"ለእርስዎ ከተናገርኩማ ለገበያው ተናገርኩ ማለት ነው።"

ተናደድኩ። ግትር፣ ደረቅ አልኳት። እሷ እንደሆን ፊቷ ንቅንቅ አላለም።

"እሺ፣ ምን ይከፈለኝ ልበል?"

"ገንዘብ ምን ያደርግልኛል? ሌባ አይደለችም ብሎ እዚያው ገበያ ላይ ይናገር። መምህር፣ እኔ የምኖረው ሰው ጨርቁን አምኖ ስለሚተውልኝ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ አምስት ሴቶች ያልተሰፋ ጨርቃቸውን መልሰው ወሰዱ።"

ጻፍኩ። ለሁለቱም ጻፍኩ፤ ለመቆለፉም ለስሟም። ስጨርስ "ምስክር ያስፈልግሻል፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየሽ ያየ ሰው። ተሬፋ ሽማግሌዎቹ ሊደርሱ ሲሉ ነው የቆለፍኩት ማለቱ አይቀርም" አልኳት።

"እርስዎ አሉ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"በሩ ስንጥቅ አለው" አለች፣ ድምጿን ሳትለውጥ። "ሲነሱ አየሁዎት። መንገዱ መሃል ደርሰው ነበር። ሁለተኛውን ሻይ ሲያዙም አይቻለሁ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስሜን ከምስክሮች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩት።

የክሱ ወሬ በተሰማ በሳምንቱ ጉባኤው አስካለችን ከጌታ እራት አገዳት። ጥፋቷ አማኝን ፍርድ ቤት ማቆም ነው። ሰው መቆለፍ ግን እንደ ጥፋት አልተቆጠረም መሰለኝ፤ ተሬፋ እሑድ እሑድ ፊተኛው አግዳሚ ላይ መቀመጡን ቀጠለ።

ነገሩ ጥር ላይ በወረዳው ፍርድ ቤት ተሰማ። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ሳትቸኩል ነው የምትናገረው። ተሬፋ ከአምቦ ጠበቃ አስመጥቶ ነበር፤ ክራባቱ ከፋይሉ ይበልጥ የሚያሳስበው ሰው። ጠበቃው ሦስት መከላከያ አቀረበ። ደንበኛዬ እጁን አላሳረፈባትም፣ ግቢ ሲላት በእግሯ ገብታለች አለ። ንብረቱ ጠፍቶ፣ ምልክቱ በቅርጫቷ ተገኝቶ፣ ንብረቱን ለመጠበቅ ያደረገው ነው፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ አለ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ከሁሉም በላይ ከሳሽ በሽማግሌዎች ፊት ይቅር ብያለሁ ብላለች። ይቅር የተባለ ነገር እንዴት ተመልሶ ክስ ይሆናል?" አለ።

መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ተሬፋ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

"ስንት ሰዓት ተቆለፈባት?"

"ሦስት ሰዓት።"

"ስንት ሰዓት ተከፈተላት?"

"ሽማግሌዎቹ የገቡት ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። እሷ የወጣችው ከዚያ በኋላ ነው።"

ጠበቃው ተነሳ። "ምስክር ይህን ሁሉ ሰዓት እዚያው ነበሩ?"

"ነበርኩ።"

"አምስት ሰዓት ተኩል ሰው ያለአግባብ ተቆልፎበት ካዩ ምን አደረጉ?"

"ሻይ ጠጣሁ።"

ችሎቱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ቀና አለችና ሳቁ ቆመ። ጠበቃው ያሰበው እኔን ማዋረድ ነበር፤ ተሳክቶለታል። ሰዓቱ ግን ተመዘገበ።

ዳኛዋ ተሬፋን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። "ለፖሊስ አስታውቀዋል?"

"ለሽማግሌዎች ልኬያለሁ።"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

"እሷን ላለማዋረድ ብዬ ነው! ፖሊስ ጋ ብወስዳት ይሻላት ነበር?" አለ ተሬፋ። ከልቡ ነው።

"ይሻላት ነበር" አለች ዳኛዋ።

ከዚያ ኦቦ ፍሮምሳ ለተሬፋ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ይቅርታውን ሊያስረዳ ነው የመጣው።

"አዴ አስካለች ይቅር ብያለሁ ብላለች?" አለ ጠበቃው።

"ኤዬ፣ ብላለች። ጸልየናል።"

ጠበቃው ተቀመጠ። ዳኛዋ ግን ብዕሯን አላስቀመጠችም። "ይህን ያለችው የት ሆና ነው?"

"ዕቃ ቤቱ ውስጥ።"

"በሩ ክፍት ነበር?"

ኦቦ ፍሮምሳ ወደ ተሬፋ ዞር አለ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። "ተቆልፎ ነበር።"

"ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር?"

"ኦቦ ተሬፋ ኪስ።"

"ይቅር ባትዪም ትወጫለሽ ብላችኋት ነበር?"

"ይቅር በዪና እንውጣ ነው ያልናት" አለ ሽማግሌው። ድምፁ ከሳ። "ዋቀዮ! እንዲያ ነው ያልናት።"

ጠበቃው አስካለችን በመጨረሻ አፋጠጣት። ቁራጯ የማን ናት? ከሕግ ፊት ቆመሻል፣ ተናገሪ አላት። እሷ "የሰው ናት" አለች። ዶርቃስ ከኋላ አግዳሚ ላይ ከባሏ ዘመዶች ጋር ተቀምጣ ነበር። ዳኛዋ ጠበቃውን አቋረጠችው። የተያዘው ክርክር የቁራጯ ባለቤት ማን ነው የሚል አይደለም፤ ሰርቃ ቢሆን እንኳ ወዲያው ለፖሊስ መሰጠት ነበረባት አለች።

በየካቲት ተፈረደላት። ከመቆለፉ በፊት በእግሯ መግባቷ፣ ተቆልፎባት ይቅር ማለቷ፣ ሁለቱም ፈቃድ አይባሉም ተባለ። ጨርቁን ፍለጋ ሴትዮዋን መቆለፍ ንብረት መጠበቅ አይደለም ተባለ። ሕጉ ለሞራል ካሳ ያስቀመጠው ጣሪያ ዝቅተኛ ስለሆነ የተወሰነላት ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ትልቁ ነገር ሌላው ነበር፤ ተሬፋ በገበያ ቀን፣ በሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ አስካለችን ያለ ማስረጃ ሌባ ማለቱን እንዲናገር ታዘዘ።

በማግስቱ ተሬፋ ከክፍሌ አስወጣኝ። አልጋዬን ራሱ ተሸክሞ መንገድ ላይ አኖረው። ጨዋ ነው፤ አልሰበረውም።

ይግባኝ ብሎ አምቦ ወሰደን። ከባኮ ወደ አምቦ በጠዋት የሚያልፈው አውቶቡስ አንድ ስለነበር ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ መኪና ነው የምንሄደው። አንድ ጠዋት ቦታ ጠፍቶ አስካለችና ተሬፋ አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ከእጃጂ ጌዶ፣ ከጌዶ ጉደር፣ ከጉደር አምቦ ቃል ሳይተነፍሱ ደረሱ። ጉደር ላይ ተሬፋ ሙዝ ገዝቶ በልማድ ለጎረቤቱ ሊያቀብል እጁን ዘረጋና ማን መሆኗ ትዝ ሲለው መለሰው። በመስከረም 1997 ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

በጥቅምት ተሬፋ በሩ ላይ ቆሞ ወረቀቱን አነበበ። ፈጥኖ፣ አንገቱን ደፍቶ አነበበው። አስካለች ከማዶ ቆማ ሰማች። አለቀ ብዬ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ገበያተኛው ምን አለ መሰላችሁ? "ማስረጃ አጣ እንጂ መስረቋማ ሰርቃለች። የተፈረደላት ለመቆለፏ ነው።" ይህን በጆሮዬ ሰማሁ፤ በክስ ወረቀት የሚመለስ አይደለም። ከተቆለፈባት ወዲህ ዓመት ሙሉ አስካለች የእህል ነጋዴዎች ከረጢት ስትጠቅም ከረመች። የተቀደደ የበቆሎ ከረጢት ለመስጠት ሰውን ማመን አያስፈልግም። መርፌው ጣቶቿን አበላሸው። የጉባኤው እግድም አልተነሳላትም። አንድ ቀን ከረጢት ተራ መሃል አየኋትና "አሁንስ ተናገሪ! ማንን ነው የምትጠብቂው?" ብዬ ጮኽኩባት። ቀጣዩን ከረጢት ወደ ጉልበቷ ሳበች።

የ1997 የገና ዕለት ጠዋት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሕዝብ በዋናው መንገድ ይወርዳል። ተሬፋ ከፊት ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ዶርቃስ ትመጣለች። ወይን ጠጅ ቀሚስ፣ ነጫጭ አበባ ጣል ጣል ያለበት። ልኳ ላይ የተሰፋ፣ ወገቡ ላይ ሦስት ሽንሽን ያለው፤ እንዲህ ያለ ሽንሽን በእጃጂ የምትሰፋ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዶርቃስ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን አንገቷን አልደፋችም። በባሏ ሱቅ ፊት አለፈች፤ በሻይ ቤቱ ፊት አለፈች፤ አስካለች ከረጢት ተደግፋ በተቀመጠችበት ፊት ስትደርስ ቆመች። ቆማ ታየች፤ ከዚያ ሄደች።

ተሬፋ ዘወር ሲል ነው ያያት። ጨርቁን ለማወቅ ሜትር አላስፈለገውም። ከሱቁ ጨርቅ ለሚስቱ ቀሚስ የማይቆርጥ ባል፣ ሚስቱ ራሷ የቆረጠችውን አራት ሜትር በአደባባይ አየው። ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ዶርቃስን ግን አላመሰገንኩም፤ እስከ ዛሬም አላመሰግናትም። አስካለች በሩን ስትመታ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ጨርቅ ትቆርጥ ነበር። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀባት።

ሰኞ ዕለት የመጀመሪያዋ ሴት ጨርቅ በፌስታል ይዛ መጣች። ማክሰኞ አራት መጡ። እስከ ጥምቀት ድረስ የአስካለች መኪና ከጠዋት እስከ ማታ አልቆመም። ነገሩን ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተነጋግረውበታል። በባልየው በራሱ ተቆልፎባት፣ በፍርድ ቤት ተጠይቃ፣ ዓመት ሙሉ ከረጢት እየጠቀመች የሚስትን ስም ያላወጣች ሰፊ ከየት ይገኛል? ከጌዶ ድረስ ጨርቅ ይመጣላት ጀመር፤ የምስጢሩም የግልጡም። ኦቦ ፍሮምሳ ቤቷ ድረስ ሄዶ እግዱ መነሳቱን ነገራት። ወንበር ሰጠችው፤ ውሃ ሰጠችው፤ ወደ ጉባኤው ግን አልተመለሰችም።

እኔ በ1998 አምቦ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክስ ጽፌያለሁ፤ በጥፊ የተመቱ፣ ስማቸው የጠፋ፣ አጥራቸው የፈረሰ ሰዎች። ሁሉም "አላጠፋሁም" የሚል ተከሳሽ አላቸው፤ ብዙዎቹም እንደ ተሬፋ ከልባቸው ነው የሚሉት። የሚመጣው ምስክር ሁሉ ግን "አላየሁም" ሲል አላምነውም። ስንት ሻይ እንደጠጣ ነው የምጠይቀው።

በ2005 ለጉዳይ ወደ ባኮ ስሄድ እጃጂ ወረድኩ። አስካለች የራሷ ቤት አላት፤ ሁለት መኪና፣ አንዲት ሠራተኛ። ፀጉሯ ሸብቷል። የኮቴ ገበር ተቀዶ ስለነበር ሰጠኋት፤ እዚያው እየጠበቅኩ ሰፋችው። ስትጨርስ ከተቀየረው አሮጌ ገበር የወጣችውን ቁራጭ በክር አስራ ከኮቱ ጋር ሰጠችኝ። ሳቅኩ። እሷም ትንሽ ፈገግ አለች። ደፈር አልኩ።

"አስካለች፣ ያን ቀን መንገዱ መሃል ደርሼ ስለመመለሴ... ይቅር ብለሽኛል?" አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። በደጃፏ በኩል ወደ መንገዱ አየች፤ ገበያተኛው ወዲያ ወዲህ ይላል።

"መምህር" አለችኝ፣ "ይቅር በዪ ያሉኝ ቀን በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ይቅር አልኩ። አሁን በሩ ክፍት ነው፤ ማንም በግድ አያስብለኝም።"

ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ቁራጯ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ አለች።